ሲሮጡ የታጠቁት፦ የአንድ ተከታታይ ጨዋታ ጥራት በማን እጅ ነው?

በኪነ ጥበብ ሂስ ዙሪያ ሥር ሰደው ከቆዩት አጉል እምነቶች አንዱ፣ ተከታታይ ሥራ እንደ ሰው ልጅ ይወለዳል፣ ይጎለምሳል፣ ያረጃል፣ በመጨረሻም ይሞታል የሚለው ነው። በዚህ እምነት መሠረት የመጀመሪያው ክፍል ምንጊዜም ንጹሕ ነው፤ ሁለተኛው ደኅና ነው፤ ሦስተኛው ድካም ተጭኖታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የገበያ ትርፍራፊ ነው። ይህ ስለ ልብ ወለድ ተብሏል፤ ስለ ፊልም ተብሏል፤ ዛሬ ደግሞ በመላው ዓለም ስፍር ቁጥር የሌለው ወጣት ሌሊቱን ስለሚያነጋበት የቪዲዮ ጨዋታ ይባላል። አባባሉ ለሐያሲው እጅግ ምቹ ነው። እንዴት ቢሉ፣ እንዲመረምር አያስገድደውም። የሥራውን ተራ ቁጥር ካወቀ ፍርዱንም አውቋል ማለት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ የሚመስል፣ ነገር ግን የዚያው የስንፍና መንትያ የሆነ ሌላ አስተሳሰብ አለ። እሱም፣ የተሸጠ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሕዝብ ወዶ ከገዛው ሐያሲ ምን ቤት ነው? የሚለው ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል፤ ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ስለ ልጆች መጫወቻ የኪነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ማባከን ለምን ያስፈልጋል? ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱንም መሞገት ነው። ሙግቱም በአየር ላይ በተንሳፈፈ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በተጨባጭ ማስረጃ ላይ ይቆም ዘንድ፣ ከ2007 እስከ 2025 ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት የተጓዘውን «አሳሲንስ ክሪድ» የተባለውን ተከታታይ ጨዋታ ይመረምራል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሦስተኛው አስተሳሰብ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ደራሲ የጻፈው፣ ሠዓሊ የሣለው፣ የዜማ ደራሲ ያቀነባበረው፣ ተዋናይ ድምፁን የሰጠው፣ የታሪክ ምሁር የተማከረበት ሥራ የኪነ ጥበብ ሥራ ካልሆነ የትኛው ሊሆን ነው? ኩባንያው በ2022 እንዳስታወቀው የዚህ ተከታታይ ጨዋታ ከ200 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። የመስቀል ጦርነትን፣ የጣሊያንን የህዳሴ ዘመን፣ የአሜሪካንና የፈረንሳይን አብዮቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው በመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን በዚህ ጨዋታ የሆነ ወጣት ጥቂት አይደለም። በአንድ ወጣት አእምሮ ውስጥ ለሃያና ለስልሳ ሰዓት የሚቀመጥ ነገር ከሂስ ውጭ ሊሆን አይችልም። ከሂስ ውጭ ይሁን የሚል ቢኖር፣ ወጣቱን ለነጋዴው ብቻ የሰጠ ነው።

እንግዲህ ወደ መነሻው እንሂድ። ዩቢሶፍት በ1986 አምስት የጊየሞ ቤተሰብ ወንድማማቾች በፈረንሳይ የብሪታኒ ግዛት ያቋቋሙት ኩባንያ ነው። «አሳሲንስ ክሪድ» የተጸነሰው ግን በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ በሚገኘው ስቱዲዮው ነው። በፓትሪስ ዴዚሌ የሚመራው ቡድን መጀመሪያ የተነሣው «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» የተባለውን የቀድሞ ጨዋታ ለመቀጠል ነበር። የስሎቬንያው ደራሲ ቭላዲሚር ባርቶል በ1938 ያሳተመው «አላሙት» የተሰኘ ልብ ወለድ አንዱ የሐሳብ ምንጭ ሆናቸውና፣ ልዑሉ ቀርቶ ሥውሩ ገዳይ ዋና ባለታሪክ ሆነ። ሌላው ብልሃት «አኒመስ» የተባለው ምናባዊ መሣሪያ ነው። የዛሬ ዘመን ሰው በዚህ መሣሪያ ላይ ተጋድሞ የቀደምት አያቶቹን ትዝታ ከገዛ ደሙ ውስጥ ያነባል። ተጫዋቹ በ1191 ዓመት በኢየሩሳሌም፣ በአካና በደማስቆ ጎዳናዎች ሲመላለስ የሚኖረው በሌላ ሰው ትዝታ ውስጥ ነው።

ይህን ነጥብ ልብ ማለት ተገቢ ነው። ሥራው ተከታታይ ይሆን ዘንድ ያበቃው ምክንያት ከውጭ የተለጠፈበት አይደለም፤ ከራሱ ሐሳብ የፈለቀ ነው። የሰው ልጅ ብዙ አያቶች አሉት፤ እያንዳንዱ አያት የራሱ ዘመን አለው፤ ስለዚህም አንዱ ታሪክ ሌላውን ይጠራል። መቀጠል በራሱ ኃጢአት ነው የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ መልስ የላቸውም። ጥያቄው ሥራው ለምን ቀጠለ ሳይሆን እንዴትና በማን ፈቃድ ቀጠለ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በ2007 ሲወጣ ብዙ አድናቆትና አንድ ከባድ ወቀሳ ገጠመው። ባለታሪኩ አልታይር ዘጠኝ ሰዎችን እንዲገድል ይታዘዛል፤ እያንዳንዱን ለመግደል ግን ተጫዋቹ ያንኑ መሰለል፣ ያንኑ ማድመጥ፣ ያንኑ ኪስ መፈተሽ ደግሞ ደጋግሞ ይፈጽማል። ከተማዎቹ ሕያው ነበሩ፤ ሥራው ግን እንደ ወፍጮ መጅ በአንድ ቦታ ይመላለስ ነበር። አዘጋጆቹ ወቀሳውን ሰሙ። ሁለት ዓመት ሠርተው በ2009 ያወጡት ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያውን ጉድለት አንድ በአንድ አረመ። ኤዚዮ አውዲቶሬ የተባለው አዲሱ ባለታሪክ ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ ይታያል፤ በፍሎረንስ ያድጋል፤ አባቱና ወንድሞቹ ሲሰቀሉ በቀልን ይማራል፤ ከሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ጋር ይወዳጃል፤ በቀል ብቻውን ሰውን እንደማያጠግብ የሚረዳው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2010 እና በ2011 በወጡት ሁለት ተከታይ ክፍሎች ደግሞ ይኸው ሰው ጎልምሶ፣ ጢሙ ሸብቶ በቁስጥንጥንያ ይገኛል። አንድ ባለታሪክ ከሕፃንነት እስከ ሽበት በተመልካቹ ዓይን ፊት ሲያረጅ ማየት፣ አንድ ነጠላ ሥራ በቀላሉ ሊሰጠው የማይችለው፣ ተከታታይ ሥራ ግን ሊሰጠው የሚችል ጸጋ ነው። የመጀመሪያው ምንጊዜም የተሻለ ነው የሚለው ሕግ እነሆ በሁለተኛው እርምጃ ላይ ተሰበረ።

ታዲያ ውድቀቱ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት የቅርፅንና የይዘትን ግንኙነት መመልከት ያሻል። በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ ከፍተኛ ግንብ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ሆኖ ከተማውን ሲቃኝ የአካባቢው ካርታ ይገለጥለታል። ይህ የቅርፅ ብልሃት ይዘት ነበረው፤ ሥውሩ ገዳይ ከመግደሉ በፊት ማየት አለበት፤ ለማየትም መውጣት አለበት። ከጊዜ በኋላ ይህ ብልሃት ከሐሳቡ ተነጠለና ቀመር ሆነ። በኩባንያው ሌሎች ጨዋታዎች፣ ለምሳሌም በ2012 በወጣው «ፋር ክራይ 3» ውስጥ ሳይቀር የሬዲዮ ማማ ተተክሎለት ያንኑ ተግባር ፈጸመ። ተጫዋቹ ለምን እንደሚወጣ አይጠይቅም፤ ግንብ ስላለ ይወጣል። ቅርፅ ይዘቱን ጥሎ ብቻውን መሄድ ሲጀምር ልማድ ይሆናል፤ ልማድም በፋብሪካ ሊመረት ይችላል። የውድቀት ዘር ይህ ነው፤ ዘሩን ያበቀለው ግን የቀን መቁጠሪያው ነው።

ከ2009 እስከ 2015 ድረስ አንድም ዓመት ሳይዘለል በየዓመቱ ዋና ክፍል ወጣ። በ2012 በወጣው ሦስተኛው ቁጥር መጨረሻ ላይ፣ ታሪኩን ሁሉ ከአንድ ክር ያስተሳሰረው የዛሬ ዘመኑ ባለታሪክ ዴዝሞንድ ማይልስ ሞተ። በተፈጥሮ ሥርዓት ታሪኩ እዚያ ማረፍ ነበረበት፤ ወይም ቢያንስ ቆም ብሎ አዲስ ምክንያት መፈለግ ነበረበት። የሚቀጥለው ዓመት ቀን ግን አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዛሬው ዘመን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ባለቤት እንደሌለው ግቢ ሆነ፤ በሩ አለ፣ አጥሩ አለ፣ የሚኖርበት ሰው ግን የለም። ፍጻሜ የተከለከለ ታሪክ ትርጉምም ይከለከላል፤ ምክንያቱም ለታሪክ ትርጉም የሚሰጠው መጨረሻው ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት በኅዳር 2014 በአደባባይ ታየ። ስለ ፈረንሳይ አብዮት የሚያወሳው «ዩኒቲ» እና «ሮግ» የተባለ ሌላ ክፍል በአንድ ቀን ለገበያ ዋሉ። በ«ዩኒቲ» ላይ አሥር ያህል ስቱዲዮዎች ተሰማርተው ነበር። ገዢዎች ያገኙት ግን የፊታቸው ቆዳ ጠፍቶ ዓይንና ጥርሳቸው ብቻ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሰዎችን፣ ከመሬት በታች የሚሰጥም ባለታሪክንና እያነከሰ የሚሄድ ምስልን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሞንትሪያሉ ስቱዲዮ ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀጣዩ ተጨማሪ ምዕራፍ ለሁሉም በነጻ ተሰጠ። የአገራችን ሰው ይህን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከስህተቱ ይልቅ የሚያስቆጣው ግን አሻሻጡ ነው። ገዢው ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ገና ያልተሠሩትን ተጨማሪ ምዕራፎች ጭምር አስቀድሞ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ጨዋታውን አስቀድመው የተቀበሉ ሐያስያን ግምገማቸውን ለማውጣት ሽያጩ በአሜሪካ ከተጀመረ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ድረስ እንዲጠብቁ ተደረገ። ሂስ ከገበያው በኋላ እንዲደርስ መደረጉ የሂስን ትርጉም ሽሮታል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር መክፈል አንድ በደል ነው፤ ጠጠር መሆኑን የሚያየውን ሰው አፍ መያዝ ግን ሁለተኛና የባሰ በደል ነው።

እዚህ ላይ የተሸጠ ሁሉ ጥሩ ነው ባዮችን መጠየቅ ይገባል። በ2015 የወጣውና የ1868ቱን ለንደን የሚያሳየው «ሲንዲኬት» ከ«ዩኒቲ» ይልቅ በብዙ ረገድ የተስተካከለ፣ ጄኮብና ኢቪ የተባሉትን መንትዮች በደስታና በሕይወት ያቀረበ ሥራ ነበር። ሆኖም የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጩ ደከመ፤ የኩባንያው የገንዘብ ኃላፊዎችም ራሳቸው ምክንያቱ የ«ዩኒቲ» ጠባሳ መሆኑን አመኑ። ነገሩ ግልጽ ነው። ገዢው ዛሬ የሚከፍለው ያልቀመሰውን ሥራ መዝኖ ሳይሆን ትናንት በቀመሰው ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ የአንድ ክፍል ሽያጭ በአብዛኛው የሚለካው የቀደመውን ክፍል ጥራት ነው። መጥፎው ሥራ በጥሩው ስም ይሸጣል፤ ጥሩው ደግሞ የመጥፎውን ዕዳ ይከፍላል። ሽያጭን የጥራት መስፈሪያ ማድረግ ዘግይቶ በሚሠራ ሚዛን እህል እንደ መስፈር ነው።

ይሁን እንጂ ሐቀኛ ሙግት ራሱን የሚቃወመውን ማስረጃ አይሸሽም። ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ በዚያው በየዓመቱ በሚወጣበት ዘመን፣ በ2013፣ «ብላክ ፍላግ» የተባለው ስለ ካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች የሚተርክ ክፍል ወጥቶ ከተከታታዩ ምርጦች መካከል ተቆጠረ። ሁለተኛው፣ የወደቀው «ዩኒቲ» ራሱ በአንድ ዓመት የተሠራ አይደለም፤ ከ2010 ጀምሮ ተይዞ ነበር። እንግዲህ ችግሩ የጊዜ ማጠር ከሆነ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልሱ ሙግቱን አያፈርሰውም፤ ያጠራዋል። «ብላክ ፍላግ» ሥራው የተጀመረው በ2011 ነው፤ የራሱ ቡድን ነበረው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ገዢ ሐሳብ ነበረው፤ ባሕሩ። በሦስተኛው ቁጥር ውስጥ እንደ ትርፍ ጨዋታ የተሞከረውን የመርከብ ጉዞ ወስዶ የሥራው አከርካሪ አደረገው፤ የሚዘምሩት መርከበኞች፣ ማዕበሉ፣ ደሴቶቹ ሁሉ ለዚያ አንድ ሐሳብ ያገለግሉ ነበር። እዚህ ላይ ተከታታይነት ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ሆነ፤ የቀደመው ክፍል ሙከራ ለሚቀጥለው ክፍል መሠረት ሆነ። «ዩኒቲ» ግን ዓመታት ቢሰጡትም ሥራው አልቋል ብሎ የመፍረድ ሥልጣን በሠሪዎቹ እጅ አልነበረም። ለአዳዲሶቹ የጨዋታ መሣሪያዎች ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ ለአራት ተጫዋቾች ኅብረት የተዘጋጀ፣ በሕዝብ የተጨናነቀች ፓሪስን የሚያሳይ ከባድ ሥራ ነበርና ጥቂት ወራት ቢጨመሩለት ኖሮ ሌላ ታሪክ ይኖረው ነበር። ጠላው ፈልቷል ወይስ አልፈላም የሚለውን የምታውቀው ጠማቂዋ ናት፤ የድግሱን ቀን የቆረጠው ሰው አይደለም። ስለዚህ ወሳኙ የዓመታት ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሥራው አበቃ የሚለውን ቃል ማን ይናገራል የሚለው ነው።

የወደቀው የሠራተኞቹ ችሎታ አለመሆኑን የሚመሰክር አንድ ሕንጻ አለ። ካሮሊን ሚውስ የተባለች የስቱዲዮው ባለሙያ በዚያው በ«ዩኒቲ» ውስጥ የፓሪሱን የኖትር ዳም ካቴድራል ድንጋይ በድንጋይ ለማነጽ ከአንድ ዓመት በላይ ደክማበታለች። ካቴድራሉ በሚያዝያ 2019 ሲቃጠል ዓለም ያንን የምስል ሕንጻ ፈልጎ ተመለሰ፤ ኩባንያውም ጨዋታውን ለአንድ ሳምንት ያህል በነጻ አደለ፤ ለጥገናውም 500,000 ዩሮ ለገሰ። ሕንጻው ፍጹም የታሪክ ቅጂ አልነበረም፤ በአብዮቱ ዘመን ያልነበረውንና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪዮሌ ለ ዱክ ያቆመውን ሾጣጣ ጫፍ ሠዓሊዎቹ አስቀርተውታል፤ ተመልካቹ ያለ እሱ ካቴድራሉን አያውቀውምና። እንግዲህ ይህን ያህል እጅ ያለው ሥራ ነው ፊት በሌላቸው ሰዎች የተሳለቀበት። የሠሪውን ድካም ከሻጩ ጥድፊያ ለይቶ የማያይ ሐያሲ ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ ጥፋተኛውን ይለቅቃል፤ ባለሙያውን ይኰንናል።

በየካቲት 2016 ኩባንያው በዚያ ዓመት አዲስ ክፍል እንደማይወጣ አስታወቀ። በጥቅምት 2017 የወጣው «ኦሪጅንስ» ተከታታዩን ከወደቀበት አነሣው። ብዙዎች አንድ ዓመት ዕረፍት ተአምር ሠራ አሉ፤ ይህም የሰነፍ ማብራሪያ ነው። ሥራውን የያዘው «ብላክ ፍላግ»ን የሠራው ቡድን ነበር፤ የጀመረውም ከ2014 መግቢያ አንሥቶ ነው፤ ወደ አራት ዓመት የተጠጋ ድካም ነው። የወጣው ሥራም በአባይ ወንዝ ግርጌ፣ በፕቶሎሚዎች የመጨረሻ ዘመን በምትገኝ ግብፅ የተተከለ ነው። ባየክ የተባለው የሲዋ ሰው ልጁ የተገደለበት አባት ነው። ኀዘኑ ከፒራሚዶቹ ይበልጣል፤ በምድረ በዳው ኮከብ ሲቆጥር ተጫዋቹ የሚያስታውሰው ልጁን ነው። ይዘት ወደ ቅርፅ ሲመለስ የሚሆነው ይህ ነው።

ድሉ ግን አዲስ ቅራኔ ወለደ። ጥድፊያው ሲቀንስ ብዛቱ ጨመረ። በ2018 ስለ ጥንታዊት ግሪክ የወጣው «ኦዲሲ» እና በ2020 ስለ ቫይኪንጎች የወጣው «ቫልሃላ» እጅግ ተለጠጡ፤ የ«ቫልሃላ»ን ዋና ታሪክ ብቻ ለመጨረስ ስልሳ ያህል ሰዓት ይፈጃል። በ«ኦዲሲ» ውስጥ የተጫዋቹ ዕድገት እንዲፈጥን የሚያደርግ ዕቃ በተጨማሪ ገንዘብ ይሸጥ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ቆም ብሎ ያስበው። አንድ ሰው ጨዋታ ይገዛል፤ ከዚያም ጨዋታው ቶሎ እንዲያልፍለት ዳግመኛ ይከፍላል። የራሱን ሥራ የሚያሳጥር መሣሪያ የሚሸጥ ደራሲ፣ ሥራው መሰልቸትን እንደያዘ በራሱ እጅ ፈርሟል። «ቫልሃላ» ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱ ደግሞ ርዝመት ዋጋ ነው የሚለውን እምነት አጠናከረ። ርዝመት ግን ስፋት አይደለም። ስንኝ በመደራረብ ግጥም አይረዝምም፤ ይቀጥናል እንጂ።

እስካሁን የተባለው ስለ ሥራው ብቃት ነው። ስለ ይዘቱ ዝም ማለት ግን ግማሽ ሂስ ይሆናል። በኅዳር 2014 ፈረንሳዊው የግራ ክንፍ ፖለቲከኛ ዣን ሉክ ሜላንሾን «ዩኒቲ» ሮብስፒየርን እንደ ጭራቅ፣ ሕዝቡን ደግሞ ደም እንደጠማው መንጋ አድርጎ አቅርቧል ሲል በብርቱ ነቀፈ። ከአዘጋጆቹ የተሰጠው መልስ ይህ ለሸማች የቀረበ ጨዋታ እንጂ የታሪክ ትምህርት አይደለም የሚል ነበር። ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በየካቲት 2018፣ ያው ኩባንያ የ«ኦሪጅንስ»ን ግብፅ ከግድያና ከጠብ አጽድቶ፣ ሰባ አምስት የጉብኝት መስመሮች ዘርግቶ ለመምህራንና ለተማሪዎች አቀረበ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ቃሎቹ ግን አይገጥሙም። ሲወቀስ ጨዋታ፣ ሲመሰገን ትምህርት መሆን አይቻልም። ታሪክን ለማስተማር የበቃ ሥራ ስለ ታሪክ ለመጠየቅም የበቃ ነው።

የአፍሪካን ልጆች የሚመለከተው ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። በ2013 መጨረሻ የ«ብላክ ፍላግ» ተጨማሪ ምዕራፍ ሆኖ የቀረበው «ፍሪደም ክራይ» የቀድሞ ባሪያ የነበረውን አደዋሌን ዋና ባለታሪክ አድርጎ፣ በዛሬዋ ሐይቲ የባሪያ ፈንጋዮችን እንዲወጋ አሰማራው። የዓላማው ክብር አይካድም፤ በትልልቅ የንግድ ጨዋታዎች ዘንድ ይህን ታሪክ የደፈረ ጥቂት ነው። ነገር ግን የጨዋታው ስልት ነጻ የወጡትን ሰዎች በቁጥር ይመዘግባል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ለባለታሪኩ የተሻለ መሣሪያ ይከፈታል። ነጻነት በቃል ተሰብኮ በስልት እንደ ሳንቲም ተቆጠረ። ደራሲው አንድ ነገር ተናገረ፤ ቀመሩ ሌላ ነገር አደረገ። በጨዋታ ጥበብ ውስጥ ይዘት ማለት የሚነገረው ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ እንዲያደርግ የሚገደደው ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚሁ ረገድ በ2020 ብሉምበርግ ያወጣው ዘገባ ይጠቀሳል። ዘገባው እንደሚለው የ«ኦዲሲ» ደራስያን ካሳንድራ የተባለችውን ሴት ብቸኛ ባለታሪክ ሊያደርጉ አስበው ነበር፤ ሴት አትሸጥም የሚል አመለካከት ከላይ ስለመጣ ወንድ አማራጭ ተጨመረ። የ«ኦሪጅንስ»ዋ አያም የነበራት ሚና በዚያው መንገድ ተቀነሰ። እንግዲህ ጥራት የሚጎድለው በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም፤ ገበያ ይፈራል ተብሎ በሚገመተው ነገር ጭምር ነው። ደራሲው ያልጻፈው መስመር በሻጩ ፍርሃት ሲጻፍ ሥራው የማን ነው?

ከዚህ ወዲህ ያሉት ዓመታት ሁለት ትምህርት ይሰጣሉ። በ2023 የወጣው «ሚራዥ» የተጀመረው ለ«ቫልሃላ» ተጨማሪ ምዕራፍ እንዲሆን ነበር፤ ኋላ ራሱን ችሎ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ተተከለ፤ ርዝመቱም ዋጋውም ከቀደሙት ያነሰ ሆነ። ወደ ጥንቱ የመደበቅና የመሰለል ጥበብ የተመለሰ፣ ልኩን ያወቀ ሥራ ነው፤ ሁሉም ክፍል ከቀደመው መግዘፍ እንደሌለበት አሳየ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን የሚካሄደው «ሻዶውስ» ደግሞ ለኅዳር 2024 ከተቀጠረ በኋላ ሁለት ጊዜ ተላልፎ በመጋቢት 20 ቀን 2025 ወጣ። ቀኑ ለሥራው ሲገዛ የታየበት ጊዜ ስለሆነ መዘግየቱ ሊመሰገን ይገባል። ከሁለቱ ዋና ባለታሪኮቹ አንዱ በ1579 ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር ጃፓን የደረሰውና ኦዳ ኖቡናጋን ያገለገለው አፍሪካዊ ያሱኬ ነው። ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት የተነሣበት ጩኸት በአብዛኛው አንድም ሰው ባልተጫወተው ሥራ ላይ ነበር። ሳያዩ መግዛት ስህተት ከሆነ ሳያዩ መርገምም ያው ስህተት ነው።

በዚሁ በመጋቢት 2025 ዩቢሶፍት ይህንና ሌሎች ሁለት ታላላቅ ተከታታዮቹን የሚይዝ አዲስ ቅርንጫፍ እንደሚያቋቁምና የቻይናው ቴንሰንት 1.16 ቢሊዮን ዩሮ አፍስሶ ሩብ ያህሉን ድርሻ እንደሚይዝ ተገለጸ። ባለድርሻ መለወጡ በራሱ ጥፋትም ድነትም አይደለም። የሚቀጥለውን ክፍል ጥራት ለመገመት መጠየቅ ያለበት ቀላል ጥያቄ ነው፤ ሠሪዎቹ አልደረሰም ሲሉ የሚሰማቸው አለ ወይ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ እንዲህ ነው። ተከታታይ ሥራ ስላረጀ አይወድቅም፤ ስለተሸጠም አይቆምም። ገዢ ሐሳብ ሲኖረው፣ ከራሱ ጉድለት ሲማር፣ ቅርፁ ለይዘቱ ሲያገለግል፣ ሥራው አበቃ የሚለው ቃል በባለሙያው አንደበት ሲሆን ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ አሥረኛው ከዘጠነኛው ሊልቅ ይችላል። እነዚህ ሲጎድሉ ደግሞ ገና የመጀመሪያውም ቢሆን ያረጀ ነው። ይህ እውነት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚቀጥል የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን ድራማ ለሚጽፍ፣ በክፍል በክፍል ልብ ወለድ ለሚያሳትም ሁሉ ይሠራል።

ስለዚህም መምህሩ ተማሪው የሚጫወተውን ከማውገዙ በፊት አብሮት ይመልከት፤ ይህ ሮብስፒየር ከየት መጣ፣ ይህ ግንብ ለምን ተሠራ፣ ይህ ነጻ የወጣ ሰው ለምን በቁጥር ተጻፈ ብሎ ይጠይቀው። የባህል ሠራተኛው የሽያጭን ቁጥር ከጥራት ጋር አያምታታ። ሐያሲው በተራ ቁጥር አይፍረድ፤ ሻጩ በቀጠረለት ሰዓትም አይናገር። ኪነ ጥበበኛው ደግሞ ከሁሉም በላይ አንዲቱን ቃል በእጁ ያቆይ፤ አላለቀም የምትለዋን። እሷን የሸጠ ደራሲ የሚቀጥለውን ክፍል ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ የቀን መቁጠሪያው።